የሞተሩ ድልድይ

በያጁ ካሱ ከዶርዜ ቁልቁል ሲወርድ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያሉ ወዳጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። ሚኒባሱ የመጀመሪያውን ጥምዝ ሲይዝ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ይደፋል፤ ገደሉ አልፎ መንገዱ ሲቃና፣ የላንቴ ሙዝ ማሳ እርጥብ ሽታ በመስኮት ሲገባ ያን ጊዜ ቀና ይላል። «ጋሽ ካሱ ጸሎታቸውን ጨረሱ፤ ሒሳብ ሰብስብ» ይላል ሾፌሩ ለረዳቱ። ያንን ገደል በልጅነቱ ቀርከሃ ተሸክሞ እየሮጠ የወረደው ካሱ፣ ጎማ ላይ ሲወጣ ለምን እንደሚፈራ ለራሱም አይገባውም።

እሳት ግን አይፈራም። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ገነነ የአባቱን ሙያ ወርሶ እስከ ዛሬ እዚያው ዶርዜ ይሸምናል። ካሱም ሸማኔ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ጎረምሳ ሳለ አባቱ የሠሩትን ሸማ ይዞ ሲቀላ ገበያ ወረደ። ከገበያው ጀርባ አንድ ሰው ጥቁር መነጽር አድርጎ ሁለት ብረት ሲበይድ አየ። ብረት እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ አንዱ ወደ ሌላው ገባ፤ ሲቀዘቅዝ አንድ ሆነ። ካሱ ሸማውን በትከሻው እንዳደረገ ቆሞ ቀረ። ገበያው ተበተነ። ሸማው ሳይሸጥ፣ እሱም ዓይኑ በብየዳው ብርሃን አብጦ ማየት ተስኖት፣ በሰው እጅ ተመርቶ ቤቱ ገባ።

አባቱ ዓይኑን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠቡ፣ «ምን አይተህ ነው?» አሉት።

«ክር የሌለው ሽመና» አላቸው።

አባቱ ውሃውን ደጅ ደፉ። ከዚያ፣ «እንግዲያውስ ሂድ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ሲቀላ የካሱን እጅ ያልቀመሰ በር ጥቂት ነው። የመስኮት ፍርግርግ፣ የተሰበረ የባጃጅ ሻንሲ፣ የሙዝ መጫኛ ጋሪ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሁሉ በእሱ እሳት አልፏል። ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ገና በወጣትነቷ አረፈች። ልጅቱን ኑሃሚን አሏት። ኑሃሚን በብልጭታ መሃል አደገች፤ የሌላ ሰው ልጅ በዝናብ እንደሚጫወት እሷ የብረት ፍንጣሪ ሲዘንብ እያየች ትስቅ ነበር። አድጋ አስጎብኚ ሆነች። እንግዶችን በጀልባ አዞ ታሳያለች፤ ደጋ ታወጣለች፤ ከገነነ ደጅ ተቀምጠው ሽመናውን ሲያዩ ታስረዳለች። ካሱ ልጁ በባዕድ ቋንቋ ሳትደናቀፍ ስታወራ በሰማ ቁጥር ያንኑ የገበያ ቀን ይመስለዋል። ቆሞ ይቀራል።

ሞተሩ የመጣው በእንግዶች ምክንያት ነው። ዓለምን በሞተር የሚዞሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት በኬንያ በኩል መጥተው፣ አርባ ምንጭ ላይ የሰውየው ወገብ አልታዘዝ አለ። ኑሃሚን ሐኪም ቤት አመላለሰቻቸው፤ አስተረጎመችላቸው፤ እንደ ራሷ ሰው አስታመመቻቸው። ሲሄዱ በአውሮፕላን ሄዱ፤ ሞተሩን ለእሷ ተዉላት። የወረቀቱ ደጅ ጥናት ረጅም ነበር። አልቆ ሞተሩ ታርጋ ለብሶ የካሱ ግቢ የገባ ቀን ሰፈሩ ሊያይ ወጣ።

ካሱ መጀመሪያ አልነካውም። ዙሪያውን ዞረው። እንደ ጎሽ ደረቱ የሰፋ፣ በግራና በቀኝ የሻንጣ ሳጥን የተጫነ፣ ለኋለኛው ሰው የጀርባ መደገፊያ ያለው ሞተር ነው። ካሱ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያይ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ብረት ግን አላየም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ እንግዳ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው፣ ጎኑን በመዳፉ ነካ አደረገው።

«ይህን የሠራው ሰው ነው?» አላት።

«ሰው ነው አባ።»

«እንዴት ያለ ሰው ይሆን።»

የካሱ አማርኛ ከደጋ የወረደ ነውና «እሱ» እና «እሷ» ይቀላቀሉበታል። ሞተሩን አንዴ «መጣ»፣ አንዴ «መጣች» ይለዋል። ኑሃሚን ግን «እሷ» ብላ ቆርጣለች። «ይህን ሁሉ ሸክም ችሎ ዝም የሚል ወንድ የለም» ትላለች።

ሜዳ ላይ ሞተሩ እንደ ጀልባ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገት ሲወጣም ሰው የተጫነው አይመስልም። ጉዱ የዶርዜ ቁልቁለት ላይ ነበር። ጠጠሩ እንደ ትልም እየተደረደረ መንገዱ የሚንቀጠቀጥበት አንድ ክፉ ጥምዝ አለ። እዚያ ላይ፣ ሳጥኖቹ ሞልተው፣ እንግዳ ከኋላ ተፈናጦ፣ ፍሬን ሲያዝ፣ የፊት ጎማው ራሱን መነቅነቅ ይጀምራል። መሪው ከእጅ ልውጣ ብሎ ይታገላል። ኑሃሚን ይህን ለአባቷ ሳትነግር ቆየች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ሞተሩ ጣላት። ብቻዋን ነበረች። የወደቀችው ወደ ተራራው በኩል ነው፤ ወደ ገደሉ አይደለም። ክንዷ ተልጦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቤት ስትገባ ካሱ የያዘውን መዶሻ መሬት አስቀመጠ።

«ከእንግዲህ በዚህ ሞተር ከዶርዜ አትወርጂም» አላት።

«ዶርዜ ካልወጣሁ እንግዳ የለኝም። እንግዳ ከሌለኝ ደግሞ ምን እሠራለሁ?» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ ወደ ጎን እያየች ጨመረች። «አዲስ አበባ አንድ የጉዞ ድርጅት ቢሮ ውስጥ እንድቀመጥለት ጠይቆኛል። መልስ በቶሎ ይፈልጋል። ሞተሯን ሸጬ ልሂድ?»

ካሱ ሂጂ ቢላት ቤቱ ባዶ ይሆናል። ቅሪ ቢላት ያ ጥምዝ አለ። በአንድ ልብ ሁለት ፍርሃት ተሸክሞ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የዚያን ቀን የበየደው በር እስከ ዛሬ አይገጥምም።

በማግሥቱ ኑሃሚን ስልኳን ይዛ መጣች። የሌላ አገር ሞተር ፎቶ ነበር። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ በያዙት ሁለት እግሮች መሃል፣ ከጎማው በላይ፣ እንደ ቅስት የተጋደመ ብረት ይታያል።

«ይኸውልህ አባ። ማሰሪያ ነው። ሁለቱን እግሮች ያያይዛቸዋል። ከባድ ሞተር ያላቸው ሰዎች ያስገጥሙታል። ገሚሱ ሞተሬን ሌላ አደረገው ይላል። ገሚሱ ጌጥ ነው ይላል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ አንተን ልጠይቅ መጣሁ።»

ከጎኑ ያለው ሱቅ የቴዎ ነው። ቴዎ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁ የፈጠነ። ፎቶውን አየና ሳቀ።

«ጋሽ ካሱ፣ እግሮቹ ከታች በጎማው አክስል ተያይዘዋል፤ ከላይ በመሪው ተይዘዋል። መሃሉ ላይ ብረት ምን ይሠራል? አህያ ክራባት ብታስር ከንቲባ አትሆንም።»

«እና ለምን ይነቀነቃል?» አለች ኑሃሚን።

«ኩሽኔታ ነዋ። የመሪዋ ኩሽኔታ አርጅቷል። ደግሞ አንቺ ሳጥን ሙሉ የሰው ጓዝ ኋላዋ ላይ ትከምሪያለሽ፤ ጎማዋን ንፋስ አታስለኪም። ከዚያ ማሰሪያ ትያለሽ።»

ቴዎ ቀልደኛ ይሁን እንጂ የተናገረው እውነት ነበረው። ኩሽኔታውን ቀየረ፤ ጎማዎቹን እንደሚገባው አስሞላ፤ ከባዱን ጓዝ ወደ ፊት አስጠግቶ አስጫነ። ኑሃሚን ወጥታ ወረደች። መነቅነቁ ቀነሰ፤ አልጠፋም። ያ ጥምዝ ላይ አሁንም አንድ ጊዜ ያስደነግጣታል። ለአባቷ ስትነግረው በለሆሳስ ነበር።

ካሱ የሞተሩ ፊት ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። እያንዳንዱ እግር በውስጡ ሞላና ዘይት አለው፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ እግሩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ያልፋል፣ ይዘረጋል። ቴዎ እየከፈተ አሳይቶታል። ካሱ ይህን ባሰበ ቁጥር ይገርመው ነበር። ይህ ሁሉ ክብደት፣ ልጁም፣ እንግዳዋም፣ ሳጥኑም፣ በነዚህ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ጉልበት እጥፋት ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ካልታጠፉስ?

«እሠራዋለሁ» አለ።

ማሰሪያ ብላዋለች። ማሰር ደግሞ ለዶርዜ ልጅ አይነገረውም። እዚያ አገር ቀርከሃ ሲታሰር በእርጥብ ልጥ፣ እግር አስደግፎ፣ ጥርስ ነክሶ፣ ትንፋሹ እስኪጠፋ ነው። ካሱ የሞተሩን ፊት በድጋፍ አንጠልጥሎ ጎማውን አወጣ። ሁለቱን እግሮች ከግራና ከቀኝ በብረት መቆንጠጫ ጨምቆ ያዛቸው። ከአሮጌ የጭነት መኪና የቆረጠውን ወፍራም ላሜራ በመሃላቸው አስገብቶ፣ እግሮቹ እንደ ተጨመቁ፣ በቡሎን ካቀፏቸው ቀለበቶች ጋር በየደው፤ ቡሎኖቹን በረጅም ቁልፍ ጠረቀማቸው። ሲጨርስ በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማ። እንደ ደወል ጮኸ። ደስ አለው።

ኑሃሚን እስከ ላንቴ ነድታ ተመለሰች። ከሞተሩ ስትወርድ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

«ምነው?»

«አባ፣ ታንቃለች።»

«ምን?»

«እግሯ አይታጠፍም። ጉድጓድ ሲገጥማት እንደ ጋሪ ትመታለች። እጄ ደንዝዟል።»

ቴዎ ከሱቁ በር ሆኖ ሞተሩን ወደ ታች ገፋ አደረገው። ፊቱ ትንሽ ወረደና ቅርቅር ብሎ ቆመ።

«ጋሽ ካሱ፣ ፍየል ለገበያ የሚወስዱ መሰለዎት» አለ።

«ማሰሪያ አለችኝ፤ አሰርኩ» አለ ካሱ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ብረቱን ፈትቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። በልቡ ግን አንድ ነገር አደረ። ልጄ በዚያ የታነቀ እግር ደጋ ወጥታ ቢሆንስ? በገዛ እጄ ሠርቼ፣ በገዛ እጄ ልኬ? ከዚያ በኋላ ብረቱ ወዳለበት ግድግዳ አላየም። አዲስ አበባ የሚጠብቃት ወንበር ለእሱም ደህና ነገር መምሰል ጀመረ፤ ቢያንስ ወንበር አይነቀነቅም።

መስቀል አልፎ ዝናቡ እንዳቆመ ከገነነ መልእክት መጣ። የአባታቸውን ቤት ከሥሩ ምስጥ በልቶታል፤ የተበላው ተቆርጦ ቤቱ ወደ አዲስ መሬት ይዛወራል፤ ካሱ ትከሻውን ይዞ ይምጣ።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ እንደ ቅርጫት ከሥር እስከ ጫፍ። ከሩቅ ሲታይ አፍንጫ ያለው ትልቅ ፊት ይመስላል። ምስጥ ሥሩን ሲበላ ያው ቤት ከታች ይቆረጣል፤ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ያ የካሱ አባት ቤት ከሰው ዕድሜ በላይ ቆሟል፤ ካሱ ሲወለድ ከነበረው አሁን ብዙ አጥሯል። ቦታ ሲቀይር ደግሞ ሰዎች ተሰብስበው እንዳለ ያነሱታል።

ካሱ በሚኒባስ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ኑሃሚን ብቻዋን፣ ሳጥኑ ባዶ፣ ማሰሪያ የሌለውን ሞተር ቀስ አድርጋ እየነዳች ደረሰች። ሠፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ገነነ እንደ ሽመናው ሁሉ በቤት ማንሳትም የሚታወቅ ሰው ነው፤ ሲያዝ አይጮህም። ረጃጅም አግዳሚ እንጨቶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በቤቱ ውስጥ እንዲጋደሙ አደረገ። እነሱ የሚታሰሩት ቤቱ ሲነሳ ግድግዳዎቹ በየፊናቸው እንዳይሄዱ ነው። ካሱ አንዱን ጫፍ ይዞ ልጡን እግሩን አስደግፎ መጎተት ጀመረ። ጥርሱን ነከሰ። ግድግዳው ሲጥ አለ።

ገነነ መጥቶ እጁን እጁ ላይ አደረገ።

«አንተ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እያጠበቅኩ ነዋ ጋሼ።»

«እያነቅከው ነው እንጂ። ይህ ቤት ስንት ዘመን ወደዚህ ዘመም ብሎ የኖረ ነው። ዘመም እንዳለ እሰረው። ላቅናህ ብለህ ከሳብከው፣ ስናነሳው ይሰነጠቃል። እንጨቱ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ቤቱ ወደ እንጨቱ አይምጣ።»

ካሱ ልጡን ላላ አደረገው። እንጨቱን ግድግዳው ወዳለበት አስጠጋው፤ ሳይጎትት፣ እንዳረፈ አሰረው። እጁ እየሠራ ሐሳቡ ግን ሲቀላ ወርዶ ነበር።

ከዚያ ገነነ ከፊት ቆሞ መዝሙር የመሰለ ጥሪ ጀመረ። ሰዉ ተቀበለ። ካሱ ከውስጥ ከተሸካሚዎቹ መካከል ነበር፤ አግዳሚው እንጨት ትከሻው ላይ አርፏል። ቤቱ ተነሳ።

ይህን ለመናገር ቃል ያንሳል። የተወለደበት ቤት፣ እናቱ ያረገዘችበት፣ የአያቶቹ የእሳት ጥላሸት ግድግዳው ላይ ያለ፣ ከመሬት ተነስቶ ይሄዳል። ከሥሩ የቀን ብርሃን ገባ፤ በብርሃኑ ውስጥ የሰው እግር ብቻ ይታያል፤ የሽማግሌ እግር፣ የጎረምሳ እግር፣ ጭቃ የረገጠ፣ ጫማ ያደረገ። ከላይ ጣሪያው እንደ ሰማይ ይወዛወዛል። ካሱ አፉን ከፍቶ መዝሙሩን ረሳ።

መሃል መንገድ ላይ የግራዎቹ ተሸካሚዎች አንድ ቦይ ውስጥ ገቡ። ቤቱ በግራ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ በካሱ ትከሻ ላይ ያለው እንጨት ተናገረ። የግራው ጭንቅ በእንጨቱ በኩል ወደ ቀኝ መጣ፤ ቀኞቹ ማንም ሳያዛቸው ጉልበታቸውን ሰበር አደረጉ፤ ቤቱ ሳይጣመም እኩል ወርዶ እኩል ወጣ። ካሱ የግራዎቹን ፊት አላየም። በትከሻው ነው ያወቀው።

ቤቱ አዲሱ መሬት ላይ ሲያርፍ ሰዉ ቆጮ በዳጣ ለመብላት ተቀመጠ። ካሱ አልተቀመጠም። ከግድግዳው ሽመና መሃል የተሰካ አንድ የክር መጠቅለያ ቀሰም አይቶ አወጣው። አባቱ የተዉት ክር ነበር፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ጭስ ጠጥቶ ቢጫ የሆነ። ገነነን በዓይኑ ጠየቀው። ገነነ ራሱን ነቀነቀለት።

ካሱ ወደ ልጁ ሞተር ሄደ። ከክሩ አንድ ድር ቆረጠና በሁለቱ የፊት እግሮች መሃል፣ ከጎማው በላይ፣ ከአንዱ ታጣፊ ክፍል ወደ ሌላው ታጣፊ ክፍል፣ ወጠር አድርጎ አሰረው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው አባ?»

«ልጠይቃት ነው። እግሮቿ አብረው ከታጠፉ ክሩ ምንም አይሆንም። አንዱ ከሌላው ከቀደመ ይበጠሳል። ቀስ ብለሽ ውረጂ።»

ሲቀላ ሲደርስ እሷ ቀድማው ነበር። ክሩ ተበጥሶ ሁለት ጫፉ በግራና በቀኝ ተንጠልጥሏል።

«ንፋስ ነው የበጠሰው» አለ ቴዎ።

«አባቴ የፈተሉት ክር በንፋስ አይበጠስም» አለ ካሱ። ከዚያም የተሰቀለውን ብረት ከግድግዳ አወረደ።

በዚህ ጊዜ ሞተሩን አላንጠለጠለም። በገዛ ጎማው፣ በገዛ ክብደቱ አቆመው። ቴዎ ሳይጠራ መጥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘለት። ካሱ ቀለበቶቹን ከላሜራው ቆርጦ በየእግሩ ለየብቻ አስገባ፤ ቡሎኖቹን በጣት ብቻ አዞራቸው። ላሜራውን በመሃል አጋደመ። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አልገጠመም። የድሮው ካሱ ቢሆን እግሩን ይጎትት ነበር። አሁን ላሜራውን ወደ ሞርሳ መልሶ ጫፉን በሞረድ አስተካከለው። እንደገና ለካ። እንደገና ሞረደ። ብየዳውንም በአንድ ትንፋሽ አልሠራውም። ነጥብ ያደርጋል፤ ብረቱ እንዳይኮማተር እስኪበርድ ይጠብቃል፤ በሌላው ጎን ነጥብ ያደርጋል። በመጨረሻ ብረቱ ያለ መዶሻ፣ በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ቦታው ገባ። ኑሃሚን ሞተሩ ላይ ተቀምጣ ፊቱን ደጋግማ ወደ ታች ገፋችው። ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፤ ድምፅ የለውም። ያን ጊዜ ነው ቡሎኖቹን ያጠበቃቸው።

«ይህ አሁን ማሰሪያ ነው ወይስ አይደለም?» አለ ቴዎ።

«አላውቅም» አለ ካሱ። አዲስ ድር ከቀሰሙ ቆርጦ እንደ በፊቱ በእግሮቹ መሃል አሰረ። ሳጥኖቹን ለገነነ በሚሄድ ሙዝ ሞሉ። ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ የኋላው መቀመጫ ላይ ወጣ።

ኑሃሚን ዞራ አየችው። «አባ፣ አንተ ትፈራለህ።»

«እፈራለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሙሉ ጭነት ያስፈልጋል። ደግሞም ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ከተበጠሰም እዚያው መሆን አለብኝ።»

ሲወጡ ዓይኑን ጨፈነ። የልጁን ጃኬት ጨምድዶ ይዞ፣ የሞተሩን ድምፅ በደረቱ እየሰማ፣ የአየሩ ቅዝቃዜ ሲጨምር ብቻ ከፍታውን ያውቅ ነበር። ገነነ ዘንድ ሙዙን አራግፈው፣ ሳጥኖቹን በእንሰትና በድንች መልሰው ሞልተው፣ ወደ ታች ዞሩ።

ካሱ ዓይኑን ሊጨፍን አስቦ ነበር። ግን በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ የፊት ጎማውን ማየት ፈለገ። በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ጎማው ጠጠር ይመታል፤ እግሮቹ ይታጠፋሉ፤ ይዘረጋሉ። በሁለተኛውም አየ። በሦስተኛውም። ከዚያ ያ ክፉ ጥምዝ መጣ። እንደ ትልም የተደረደረው ጠጠር ከፊታቸው ተዘረጋ። ልጁ ፍሬን ስትይዝ ተሰማው፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄደ። ካሱ መነቅነቁን ጠበቀ። መሪው አንድ ጊዜ ብርር አለ፤ የልጁ ክንድ ጠንከር አለ። ከዚያ የግራው የቀኙን የሰማ ያህል፣ ቤቱ ቦዩን እንዳለፈ ሁሉ፣ ሞተሩ እኩል ወርዶ እኩል ወጣ። አለፉት።

ካሱ ቀና ሲል ዕድሜውን ሙሉ በኮፍያ ሲሸፍነው የኖረው ነገር ከፊቱ ተዘርግቶ ነበር። ከታች፣ እንደ ሸክላ የቀላው አባያ። ከዚያ ወዲያ፣ እንደ ሰማይ የጠራው ጫሞ። በሁለቱ መሃል አረንጓዴ የለበሰ ሸንተረር፣ የእግዜር ድልድይ። ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠራ ኖሯል፤ ከዚህ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም። ሁለት ውሃ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ፤ ሸንተረሩ አንዱንም ወደ ሌላው አይጎትትም። ባሉበት አርፎ ይዟቸዋል።

«አቁሚ» አላት።

አቆመች። «ምነው? አመመህ?»

«አይደለም። ልይ ብዬ ነው።»

ጎን ለጎን ቆሙ። ኑሃሚን የአባቷን ፊት አየች፤ ኮፍያው አንገቱ ላይ ወርዷል። ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ «ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «ማሰሪያ ብዬ። ድልድይ ማለት ነበረብኝ።»

ካሱ ከውሃዎቹ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ሞተሯም ድልድይ ነው የፈለገችው» አለ።

ሲቀላ ሲደርሱ ቴዎ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ሰላምታም ሳይሰጥ ሞተሩ ፊት ተንበረከከ። ድሩ እንደታሰረ አለ። አቧራ ለብሶ ቀይ ሆኗል፤ አልተበጠሰም። ቴዎ በጣቱ ነካ ሲያደርገው እንደ ክራር ጅማት ትር አለ።

«ኩሽኔታው ነው» አለ ቴዎ።

«ኩሽኔታውም ነው» አለች ኑሃሚን። «ያኔም ኩሽኔታው ተቀይሮ ነበር፤ ክሩ ግን ተበጥሷል።»

ቴዎ ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ወደ ካሱ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ ካሱ፣ ቀልዱን እንተወውና፣ እውነት ለውጥ አለው?» አለው።

ካሱ አሰበ። የማያውቀውን መናገር አይወድም።

«ሜዳው ላይ ምንም የለውም። ላንቴ ድረስ ብትሄድ መኖሩንም አታውቅ። ያ ጥምዝ ላይ...» አለና ቆመ። «ያ ጥምዝ ላይ ዓይኔን ከፍቼ ነው የወረድኩት።»



ኑሃሚን ስልኳን አውጥታ ወደ ጓሮ አለፈች። በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ድምፅዋ ይሰማል። ለአንድ ሰው በትሕትና ታመሰግናለች፤ ወንበሩን ለሌላ ይስጡት ትላለች፤ ሥራዬ እዚህ ነው ትላለች። ካሱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ የሞተሩን ጎን በመዳፉ ነካ አደረገ። ቴዎ ክሩን ሊቆርጥ ቢላዋ ሲያወጣ አየው።

«ተዋት» አለው። «ነገም ትወጣለች።»